ልጃችንን ምን ብዬ ልጥራ

እናንዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ።

ከተለያየን ሁለት ክረምት ወጣ፤ ሦስተኛው ሊገባ ደመናው በዳገቱ በኩል መደራረብ ጀምሯል። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። መጻፍ ስለማልችል ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ ብዬ ስኮራ የኖርኩት ሁሉ ስሜን ከመፈረምና የመድኃኒት ቤት ወረቀት አገላብጬ አይቼ ከመመለስ አላለፈም። አሁን ግን ወጥሬ ይዤዋለሁ። የመጀመሪያዋን ገጽ ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ስለማላውቅ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው። አንቺ እንደሁ ፊደል አልቆጠርሽም፣ አትታዘቢኝም።

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳውን ቆርቆሮ ባለፈው ነፋስ ነቅሎት ነበር፤ ራሴ ጣራ ላይ ወጥቼ መታሁት። በዚህ ዕድሜህ ውረድ ብለው ጎረቤት ሁሉ ጮኸብኝ። ሲጮኹ ጊዜ ቶሎ ጨርሼ ልወርድ የነበርኩትን ሰውዬ አንድ ሰዓት አስቆዩኝ። የቦኖው ውኃ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ድረስ መጥቷል፤ አንቺ ጀሪካን አዝለሽ የወጣሽውን ዳገት አሁን ማንም አይወጣውም። ንቦቹ ስትሄጂ አሥራ አንድ ቀፎ ነበሩ። ሁለቱ ጥለው ሄዱ፣ ዘጠኙ አሉ። ማሩ ዘንድሮ ነጭ ነው፤ ግን እንዳንቺ ሰፈፉን ለይቶ የሚያጠራልኝ የለም፣ ከነሰፈፉ ነው የምበላው።

ወደ ነገሩ ልግባ። መጀመሪያ ግን አንድ ወሬ ደርሶሽ እንደሁ ላጥራው። ሞላ በሰባ አንድ ዓመቱ አገው መበለት ሊያገባ ነው፣ ለዚያ ብሎ አገውኛ እየተማረ ነው እየተባለ ነው። እስከ ሰቆጣ ገበያ ድረስ ይወራል። መማሬ እውነት ነው። ማግባቴ ውሸት ነው። እኔ ግን አላመንኩም፣ አልካድኩም፣ ዝም ብያለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂኝ።

ነገሩ የደስታ ነው፣ የልጃችን። አሁን ደስታን እንዴት እንደምጠራ ኋላ እነግርሻለሁ፤ እዚያ እስክደርስ ድረስ አንቺ በምታውቂው፣ እኔም ባሳደግኩበት አፍ ልጻፍ። ደስታ አሁንም ባሕር ዳር ናት፤ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግኑበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ለሙት ዓመትሽ መጣች። ፀጉሯን እንደ ወታደር አስቆርጣለች፤ ሐዘን ነው አልን። ሱሪ ለብሳለች፤ መንገድ ነው አልን። ሰው ላለማየት ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

ካህናቱ ከሄዱ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በማግስቱ ከቀፎዎቹ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እናቴ ሳለች ለሁለታችሁ ልነግር ነበር፣ አልደረሰልኝም» አለችኝ። ንገሪኝ አልኳት። «እኔ ዜጋ ነኝ» አለች።

እናንዬ፣ እኔ ምን የመሰለኝ ይመስልሻል? መታወቂያ የከለከሏት መሰለኝ። በዚህ ጊዜ ስንቱ ሰው የየት ነህ እየተባለ ከመንገድ ይመለስ የለም? ደሜ ፈላ። «ማን ነው ዜጋ አይደለሽም ያለሽ? አባትሽ ዜጋ! እናትሽ ዜጋ! አያትሽ ዜጋ! ሰውየውን አሳዪኝና እኔ ነገ አብሬሽ ሄጄ ቢሮው በር ላይ እቆማለሁ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። «እኔ ራሴ ዜጋ ነኝ!» ደስታ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ጎንበስ እስክትል ሳቀች። እኔ ምን አሳቃት ብዬ ስቆጣ፣ ሳቁ መኻል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየሁ።

ዜጋ ማለት ለካ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ስም ነው። ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ፣ ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ፣ ወይም እንደ እሷ ወንድ ነኝ ሴት ነኝ ማለቱ የማይሆንላቸው። ጆሮ ያለው ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥ እንኳ የማይጠረጥረው ቃል ስለሆነ ነው አለችኝ። ሌላው አማርኛ ለእነሱ ያስቀመጠው ስም ሁሉ ስድብ ነው። እነዚያን ስድቦች እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ተሳድቤባቸዋለሁ። እሷ እቤት እያለች፣ ምግብ እየበላን።

ስም ስትፈልግ ነው የኖረችው፣ እናንዬ። እኔ ሁሉንም አልያዝኩም፣ የያዝኩትን ልጻፍልሽ። የፈረንጅ ስም ስለሆነ ፊደሉን ብስት አይገርምሽ። መጀመሪያ ሌዝቢያን ነኝ አለች ለራሷ፤ ሴት የምትወድ ሴት ማለት ነው። ሦስት ዓመት አገለገላት። ኋላ «የምትወድ» የሚለው ልክ ሆኖ «ሴት» የሚለው እንደ ጠበበ ጫማ ይልጣት ጀመር። ትራንስ የሚሉትም አለ፤ ሴት ተብሎ ተወልዶ ወንድ ነኝ የሚል፣ ወይም የዚያ ግልባጭ። እሱንም ለካችው። ወንድ መባሉ ደግሞ የሌላ ሰው ካፖርት ሆነባት። አሁን ኖምባይናሪ የሚባል አለ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ማለት ነው። «እሱ ይቀርበኛል፣ ግን በእኛ አገር አፍ ስጠራው ጥርሴ መኻል የገባ ነገር ይመስለኛል» አለች። «ዜጋ ስባል ግን ቤት የገባሁ ይመስለኛል፣ አባዬ።»

እኔስ ምን አልኩ? ብታውቂው አትጠይቂኝም ነበር። «ስም የሚያወጣ አባት ነው። ራሱን የሚሰይም ሽፍታ ብቻ ነው» አልኳት። «አንቺ ብዬ አሳድጌሻለሁ፣ አንቺ ብዬሽ እሞታለሁ።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ባሉኝ ቁጥር» አለች፣ «የሌላ ሰው ስልክ ያነሳሁ ይመስለኛል። ተሳስተዋል ብዬ ልዘጋ እልና፣ እርስዎ ነዎት።» በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ሄደች። ያዘጋጀሁላትን ማር ጠረጴዛው ላይ ትታው።

ከዚያ ስልኩ አልነሳ አለ። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። ዳገቱ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። አይነሳም። ከጎረቤት ስልክ ደወልኩ፤ ድምፄን ስትሰማ «ደህና ነኝ አባዬ» ብላ ዘጋችው። አንድ ነገር ከእኔ ወርሳለች፣ እሱም ግትርነት ነው። አንቺን ቀብሬ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ግን አንድ ሰው በዓለም ላይ አባዬ ይለኛል እያልኩ ነበር የምተኛ። ያም ሊሄድብኝ ሆነ። በአንዲት ቃል የተነሳ፣ እናንዬ። ቃሏም የእኔ ናት።

በዚህ መኻል ከግብርና የመጣ ባለሙያ ንብ አናቢውን ሁሉ ሰብስቦ አስተማረን። አውራው፣ አውራው የምትሉት ንብ ሴት ናት አለ። እንቁላሉን ሁሉ የምትጥል እሷ ናት፣ ንግሥት በሏት አለን። ሽማግሌው ሁሉ አጉረመረመ። እኔም ከሁሉ በላይ አጉረመረምኩ፤ አርባ ዓመት አውራ ብያት አርባ ዓመት ማር ሰጥታኛለች፣ ምን ጎደለባት አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። አርባ ዓመት በእጄ እየያዝኩ ምን እንደያዝኩ አላውቅም ነበር።

ኃጢአት ነው ወይ ብዬም ራሴን ጠይቄያለሁ። መጽሐፍ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፤ ብነግራቸው ምን እንደሚሉ ስለማውቅ። በፍርድ ቀን ልጅህን ለምን ጠራህ ተብዬ ብጠየቅ መልስ አለኝ። ለምን አልጠራህም ብባል ግን የምለው የለኝም።

አስቤ አስቤ አንድ መላ አገኘሁ። አማርኛችን ወንዱንም ሴቱንም በአንድ የሚጠራበት ቃል አለው፤ አንቱ። ለካህን፣ ለሽማግሌ፣ ለአማት። እኔ ለወረዳው ሹም እንኳ ካልደነገጥኩ የማልለው ቃል። ጾም መያዣው ላይ ስልኩ ሲነሳ ኩራቴን ዋጥ አደረግኩና የገዛ ልጄን «እንዴት ሰነበቱ?» አልኳት። «ማን ልበል?» አለች። «አባትዎ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ያ ሳቋ። «አባዬ! እርስዎ እኔን አንቱ ካሉኝ እኔ እርስዎን ምን ልበል? ከዚያ በላይ ቃል የለም እኮ!» እኔም ሳቅኩ፤ ከሞትሽ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅኩም። ኋላ ግን ድምጿ ዝግ አለ። «አከበሩኝ፣ ገብቶኛል። በሌለሁበት ስለ እኔ ሲያወሩ እሳቸው ይበሉኝ፣ ደስ ይለኛል። ፊት ለፊት ግን አንቱ ያርቀኛል፣ እንግዳ ያደርገኛል። እኔ ልጅዎ መሆን ነው የምፈልግ» አለች። ታዲያ ምን ልበል? አንተ አይሆን፣ አንቺ አይሆን። አማርኛ እኮ «ና» ለማለት እንኳ ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ ሳይጠይቅ ከበሩ አያሳልፍም። እስከዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ እሳቸው ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ ባለቤቱ ፈቅደዋልና። ደስታም፣ «ልክ የሆንኩት እናቴ ስትጠራኝ ነበር» አሉኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

በአገውኛ አፍሽን ፈትተሽ ኋላ የተማርሽው አማርኛሽ ትዝ ይልሻል? እኔን አንቺ፣ ላሚቱን አንተ ትይ ነበር። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አምደወርቅ ከተማ፣ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ካህኑ መቁረስ ቢያቆሙብሽ እንጀራ ጨምረሽ «አባ፣ ብዪ እንጂ! ምነው አልበላሽም!» አልሻቸው። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ካህኑ ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ «እሺ፣ እበላለሁ እናቴ» ብለው መረቁሽ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ወንድሞቼ ፊት አዋረድሽኝ ብዬ ቤት ስንገባ እንደ ተማሪ አስቀምጬ «አንተ ለወንድ፣ አንቺ ለሴት» እያልኩ አስደገምኩሽ። ስትስቺ እንደገና። አንቺም ደገምሽ። አላለቀስሽም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ፊት መናገር ተውሽ። ሞላ ጨዋ ሚስት አለችው፣ ዝምተኛ ናት ይሉኝ ነበር። እኔም ኮራሁበት።

ደስታ በስልክ ያስረዱኝ ይህንን ነው። «እናቴ አልተሳሳተችም፣ አባዬ። በእሷ ቋንቋ አንተና አንቺ አንድ ቃል ነው። ናም ነይም አንድ ነው። ሰውን ፊት ለፊት ሲያናግሩ ወንድ ሴት አይሉም። የሚለዩት ስለሌለ ሰው ሲያወሩ ብቻ ነው።» አርባ ዓመት አብሬሽ ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ አማርኛ ስለሚሰማ ምን ያደርግልኛል ብዬ ቋንቋሽን አልተማርኩም። አገውኛ ነው የምለው፤ ኽምጣንጛ ይባላል ብለው ደስታ ናቸው ያረሙኝ። ያቺን አንዲት ቃልሽን እዚህ ልጽፋት ሞከርኩ። ጉሮሮሽ ውስጥ የነበረው ነገር እጄ ላይ አልመጣ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አንቺ ታውቂዋለሽ።

ደስታ ሕፃን ሳሉ በዚያች ቃል ነበር የምታናግሪያቸው። እኔ ነኝ የከለከልኩሽ፤ የልጄ አማርኛ ይበላሻል ብዬ። ጓሮ ሆናችሁ ተደብቃችሁ ስትነጋገሩ እሰማ ነበር፤ እኔ ስገባ ዝም ትላላችሁ። ያኔ የምታሙኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጅሽን እየጠራሽ ነበር።

በማግስቱ እህትሽ ፈንታነሽ ዘንድ ሄጄ አገውኛ አስተምሪኝ አልኳት። የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አርባ ዓመት እህቴን ስትስቂባት ከርመሽ፣ አሁን ምን ነካሽ አንቺ ሰውዬ?» አለችኝ። አውቃ ትበለው ስታ እስከዛሬ አልገባኝም። ወዲያው ዓይኗ በራ። «ማናት?» አለች። ማን ማናት አልኳት። «መበለት አግኝተሻላ! ከጽጽቃ ናት ወይስ እዚሁ ሰቆጣ ዙሪያ? አማርኛ አትሰማም እንዴ? ኧረ አንቺ ሽማግሌ!»

ላስተባብል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። እውነቱን ብናገር ለማን ነው የምትማረው መባሌ ነው። ከዚያ ለምን መባሌ ነው። በዚህ አገር ይህ ነገር ከተሰማ መሳቂያ መሆን ትንሹ ነው፤ እስር ቤት አለ፣ ድንጋይ አለ። ሚስት የሚፈልግ ሽማግሌ ግን ይሳቅበታል እንጂ አይወገርም። ስለዚህ መሬት መሬት አይቼ እንዳፈረ ሰው ሆንኩላት። ማፈሩ አላስቸገረኝም፤ አፍሬ ነበርና። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ ሰው በእኔ እንዲስቅ ፈቅጄ አላውቅም። አሁን ጠላ ቤት ስገባ «ሙሽራው መጣ» ይሉኛል። እጄን አንስቼ ሰላም እላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ነበር ትምህርቱ። ፈንታነሽ መምህር ሆና አትምርም፤ እኔ ያስደገምኩሽን ያህል በእጥፍ አስደገመችኝ። ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ስሞክር «አንቺ፣ አጥንት ዋጥሽ እንዴ?» ትለኛለች። ጎረቤቶቿ ሥራቸውን ይዘው እየመጡ አጠገባችን ይቀመጣሉ፣ እኔን ለመስማት። አንዷ ስትስቅ የምትፈትለውን ጥጥ በጠሰችው። ስሳሳት ፊቴ ሲግል ይሰማኛል፣ ላቤ ይመጣል፣ ዝም ብል ይሻለኛል እላለሁ። አንቺን ያስቀመጥኩሽ እዚህ ቦታ ነበር እላለሁ ደግሞ። እደግማለሁ።

ፋሲካ አልፎ፣ አፌ ትንሽ ሲፈታ፣ ዳገቱ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ሲነሳ ሰላምታውን በቋንቋሽ አልኩት፣ በዚያች ቃል። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «አባዬ፣ እስኪ እንደገና» አሉኝ። አልኩት። «እንደገና።» አልኩት። ከዚያ ያጠናሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላወርደው ብዬ፣ ናፍቆኛል ልል የፈለግኩትን ርቦኛል ብዬ አረፍኩት። «ምሳ አልበሉም እንዴ?» አሉኝ፣ በዚያው በቋንቋሽ። እያለቀሱ ነበር የሚስቁት። አረሙኝ። ደገምኩት። ልጅሽ ሲያርሙ ሰውን አያሳፍሩም፣ በዚህ አንቺን ነው የመሰሉት።

በዚያው ስልክ ስሙስ ምን ሆነ፣ የትኛው ጸና ብዬ ጠየቅኳቸው። «ገና እየፈለግኩ ነው» አሉ። «ምናልባትም ዜጋንም ኖምባይናሪንም እይዝ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ይመጣል። እስከዚያ ዜጋ ይበሉኝ።» እኔ ከሰማኋቸው ሁሉ አፌ የሚችለው እሱን ብቻ ስለሆነ እሺ አልኩ።

ትናንት መጡ። ሰቆጣ መናኸሪያ ልቀበላቸው ከጠዋት ጀምሮ ቆምኩ። ለበዓል የሚመለሰው፣ ረዳቱ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ በግ የጫነው፣ ሰውና ጩኸት ብቻ ነው። መኪናው ገባ። ደስታ ቦርሳቸውን አንግተው ሲወርዱ አየሁ። እኔን አላዩኝም፤ የቆምኩ ከውስጥ በኩል ነው፣ እሳቸው ወደ ውጪው በር ሄዱ። ደስታ! ብዬ ጠራሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ደስታ እንዳለ እግዜር ይወቀው፤ ሦስት ሰው ዞረ፣ ልጄ አልዞሩም። ፊታቸውን ሳይ የተቀየመ፣ ማንም አልመጣልኝም የሚል ሰው ፊት ነው። ሊወጡ ነው። እናንዬ፣ አፌ ላይ የመጣው «ነይ» ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት የለመደ አፍ ነው። ያዝኩት። ከዚያ በሙሉ ድምፄ፣ ዳገት ላይ ሆኜ ከብት እንደምመልስበት ድምፅ፣ ና እና ነይ አንድ በሆኑበት በአንቺ ቃል ጠራኋቸው።

ከፈንታነሽ ግቢ ውጪ ሰው ፊት በዚያ ቋንቋ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። አጠገቤ ሱቅ ያለው የጨርቅ ነጋዴ «ጋሽ ሞላ፣ ሙሽሪት መጣች እንዴ?» ብሎ ቀለደ፤ ዙሪያው ሳቀ። ደስታ ቆሙ። ዞሩ። ቦርሳቸውን እዚያው መሬት ላይ ጥለው በሰው መኻል እየገፉ መጡና አንገቴ ላይ ወደቁ። «አባዬ፣ ድምፁን ከዚህ ያውጡት» አሉኝ፣ ጉሮሮዬን በጣታቸው እየነኩ። ነጋዴው አንዴ ፀጉራቸውን አንዴ ሱሪያቸውን አየና፣ «ማን ናት… ማን ነው?» ብሎ ተደነቃቀፈ። «ልጄ ናቸው» አልኩት። «ናቸው? የገዛ ልጅህን?» አለ። «የገዛ ልጄን ባከብር ካንተ መደርደሪያ ምን ጎደለ?» አልኩት። ያኔ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ይህን የመጨረሻ ገጽ የምጽፈው ደስታ አጠገቤ ተቀምጠው ነው፤ ያቃተኝን ፊደል ያሳዩኛል፣ ቃሉን ግን አይነኩብኝም። ስጨርስ ያነቡታል። ባሕር ዳር እንደ እሳቸው ያሉ ወዳጆች አሏቸው፤ አባታቸው ስልክ የማያነሳላቸው፣ እናታቸው በር የዘጋችባቸው። ለእነሱ ላንብብላቸው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ያገራችንን ስም ሳንነካ የእኛን ብቻ እንቀይርና ይነበብ አልኩ። ኋላ ግን ያገሩንም ቀይሪው… ይኸው፣ አሁንም እጄ ይስታል። እሳቸው አዩትና «ይቆይ፣ አይሰርዙት» አሉኝ። ስለዚህ ቆየ።

ነገ መቃብርሽ ዘንድ እንመጣለን። የምልሽን በአማርኛ አልልሽም፤ ለዚያ ያህል ተምሬያለሁ፣ ብሳሳት ታርሚኛለሽ። አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፣ ያማ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ይልቅ ይህንን ልንገርሽ፤ እስከዛሬ ሳስታውሳት የኖርኩት ዝምተኛዋን ሚስቴን ነበር። እሷን እኔ ነኝ የሠራኋት። ከእንግዲህ በቀረኝ ዕድሜ የማስታውሳት የምትናገረዋን ነው።

ባልሽ ሞላ